ባክቴሪያ ብዙ መድኃኒት የሚቋቋመው በአንድ ጂን ጥፋት መሆኑን እንዴት መለየት ይቻላል?

አንድ ኢ. ኮላይ ለቴትራሳይክሊን፣ ለክሎራምፌኒኮል፣ ለአምፒሲሊንና ለሲፕሮፍሎክሳሲን በአንድነት አልበገር ሲል፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብዙ የመቋቋሚያ ጂኖችን የተሸከመ ፕላዝሚድ (ከክሮሞዞሙ ውጭ ያለ ትንሽ ዲ.ኤን.ኤ.) ነው። ጥርጣሬው ብዙ ጊዜ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ጆርጅና ሌቪ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት ይህ ባሕርይ ያለ ፕላዝሚድም ይመጣል። ምክንያቱ በክሮሞዞሙ ላይ የሚገኘው ማር የተባለው ኦፔሮን፣ ማለትም በአንድነት የሚነበቡ ጂኖች ስብስብ፣ ነው (ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻር እንጂ ከንብ ማር ጋር ዝምድና የለውም)። ማር-አር የተባለው ፕሮቲን በኦፔሮኑ መነሻ ላይ ተጣብቆ ጂኖቹ እንዳይነበቡ ይከለክላል። ሚውቴሽን ሲያበላሸው የኦፔሮኑ ሌላ ፕሮቲን፣ ማር-ኤ፣ በብዛት ይመረትና መድኃኒት ወደ ውጭ የሚገፋውን የኤክር-ኤቢና ቶል-ሲ ፓምፕ ያበዛል፤ መድኃኒት የሚገባበትን የኦምፕ-ኤፍ ቀዳዳም ይቀንሳል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው እድገትን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን በመለካት ሲሆን፣ መታየት ያለበት የመድኃኒቶቹ ብዛት ሳይሆን የጭማሪው መጠን ነው። በቴትራሳይክሊን በ2 ማይክሮግራም በሚሊ ሊትር ይገታ የነበረው ዝርያ አሁን 8 ቢፈልግ፣ በሌሎቹም ተመሳሳይ መጠነኛ ጭማሪ ቢታይ፣ ማር ይጠረጠራል፤ 128 ከደረሰ ግን ፕላዝሚድ መፈለግ ይሻላል። የመድኃኒቱ መጠን በእጥፍ እየጨመረ በሚሄድባቸው ቱቦዎች መካከል የአንድ ቱቦ ልዩነት የመለኪያው ስህተት ሊሆን ስለሚችል፣ እኔ ልኬቱ ሳይደገም አላምነውም። ፓምፑ ካናማይሲንን ስለማያስወጣ፣ ለእሱ የሚታይ ከፍተኛ መቋቋም ሌላ ምክንያት አለው።

ቀጥሎ ልኬቱን 5 ሚሊ ሞላር ሶዲየም ሳሊሲሌት በተጨመረበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ መረቅ ይድገሙት። ሳሊሲሌት ማር-አርን ከዲ.ኤን.ኤው ስለሚያላቅቀው ጤናማው ዝርያ ለጊዜው መቋቋም ይጨምራል፤ ማር-አሩ አስቀድሞ የተበላሸው ግን ብዙም አይለወጥም። አሲዱን ሳይሆን ጨውን መጠቀም ያስፈልጋል፤ አለዚያ የመረቁ አሲድነት ውጤቱን ያዛባል።

ከዚያ የማር-አርን ጂን የዲ.ኤን.ኤ. ቅደም ተከተል ከነመነሻው ማስነበብ ይገባል። ሚውቴሽን መገኘቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ጤናማውን ጂን በፕላዝሚድ አስገብቶ ዝርያው በመድኃኒቶቹ ዳግም መገታቱን ማየት ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ፕላዝሚዱ የአምፒሲሊን መቋቋሚያን እንደ ምልክት ከያዘ የአምፒሲሊን ልኬት ትርጉም ያጣልና የካናማይሲን መቋቋሚያን እንደ ምልክት የያዘውን ይውሰዱ፤ ባዶውንም ፕላዝሚድ ለማነጻጸሪያ ያስገቡ።

ማር-አር ጤናማ ሆኖ ከተገኘ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ሶክስ-አር የተባለው ፕሮቲን ነው፤ ሚውቴሽን ሁልጊዜ ንቁ ሲያደርገው የሚበዛው ሶክስ-ኤስ ማር-ኤ በሚያርፍባቸው የዲ.ኤን.ኤ. ቦታዎች ላይ ስለሚያርፍ ውጤታቸው ይመሳሰላል። የፓምፑ ቅርብ ተቆጣጣሪ የሆነውን ኤክር-አርንም አብሮ ማስነበብ ጊዜ ይቆጥባል።