ግራርን በሶፍት ፓስቴል እንዴት እንሳል?

ዛፍ መሣል ከብዷችሁ ከሆነ ጥፋቱ የቅጠሉ ነው። ቅጠል አንድ በአንድ አትሳሉ። በተለይ የግራር ቅጠል ደቃቅ ስለሆነ ማለቂያ የለውም።

ለመልመጃ ዝዋይ አካባቢ ያለ አናቱ ጠፍጣፋ ግራር እንውሰድ። ወደ ደቡብ ዞረናል፣ ከሩቅ የአሉቶ ተራራ ይታያል፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ነው። ፀሐይዋ በስተቀኝ ናት።

ዕቃ ስትገዙ ሣጥኑን አንብቡ። ሶፍት ፓስቴል ከቀለም ዱቄት የተሠራ፣ እንደ ጠመኔ ያለ ደረቅ በትር ነው። ኦይል ፓስቴል ቅባት ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ለዚህ አይሆንም። ወረቀቱ ሻከር ያለ ይሁን፤ ልሙጥ ወረቀት ዱቄቱን አይዝም። የፓስቴል ወረቀት ካጣችሁ ባለ 400 ወይም 600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። በጣት ማሸት ግን ይቅርባችሁ፣ ይልጣችኋል!

በቀጭን ከሰል የአድማሱን መስመር ዝቅ አድርጋችሁ አስምሩ፤ የዛፉንም ቦታ ምልክት አድርጉ። ከዛፉ በፊት ሰማዩን ጨርሱ። ፓስቴሉን ሰበር አድርጉና በጎኑ አስተኝታችሁ ጎትቱት። ከላይ ሰማያዊ፣ ወደ አድማሱ ሲወርድ ገርጣ ያለ ክሬም። አሉቶን አረንጓዴ እንዳታደርጉት፤ ሩቅ ነገር ይደበዝዛል፣ ወደ ሰማያዊም ያደላል። ከሰማዩ ትንሽ ጠቆር ያለ ግራጫማ ሐምራዊ በቂ ነው።

አሁን ግራሩ። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ ብታዩት ቅጠሉ ይጠፋና ተደራራቢ ጠፍጣፋ ጥላዎች ይቀራሉ። የምትስሉት እነሱን ነው። ከጨለማው ጀምሩ። ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ደርባችሁ የቅጠሉን ሆድ ሙሉ። በላዩ መካከለኛ አረንጓዴ ጣል ጣል አድርጉ፤ የታችኛው ቀለም በመሃል እየታየ ይቆይ። ቢጫማው አረንጓዴ መጨረሻ ይመጣል፤ እሱም ከላይ በስተቀኝ ባለው ጠርዝ ላይ ብቻ። ከሣጥን የወጣ አረንጓዴ ብቻውን ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል፤ ከሥሩ ትንሽ ብርቱካናማ ቢኖር ይረጋጋል።

ግንዱን ከሥር ወደ ላይ ሳቡት። ቅርንጫፎቹ እየቀጠኑ ይሂዱ፣ ቅጠሉ ውስጥ ሲገቡ ይጥፉ፣ ራቅ ብለው ደግሞ ብቅ ይበሉ። ከዚያ በቅጠሉ መሃል የሚታየውን ሰማይ በፓስቴሉ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ክፍተቱ ዙሪያውን ጨለማ ስለሆነ ከውጪው ሰማይ በጥቂቱ የጠቆረ ቀለም ይፈልጋል። ያው ሰማያዊ ከገባ የአምፖል መብራት ይመስላል። መጠናቸውን አለያዩ፤ ከበዙ ግን ዛፉ ወንፊት ሆኖ አረፈው።

ለደረቁ ሣር ቢጫማ ቡናማ በአግድም ሳቡ። የዛፉ ጥላ ከግንዱ ሥር ተነስቶ ወደ ግራ ረዘም ይበል፤ ቀለሙም ሐምራዊ ያለበት ይሁን። ከግንዱ ካልተነሳ ዛፉ አየር ላይ ይንሳፈፋል። ከፊት ለፊት ሁለት ሦስት ዘለላ ሣር በፓስቴሉ ጠርዝ ብትጭሩ ይበቃል፤ ተዉት።

ዱቄቱን እፍ አትበሉት፣ ወደ ሳንባችሁ ይገባል። ወረቀቱ ያረፈበትን ሰሌዳ አዘንብላችሁ ደጅ ላይ ከጀርባው መታ መታ አድርጉት። ፊክሳቲቭ (ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ ርጭት) ከረጫችሁ በስሱ ይሁን፤ ደማቁን ቀለም ያጨልመዋል። እኔ ባይረጭ እመርጣለሁ። በመስታወት ፍሬም ስታስገቡት በሥዕሉና በመስታወቱ መሃል የካርቶን ጠርዝ ይኑር፤ ከተነካኩ ዱቄቱ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል።