በነፍሰ ጡር ደም የሚሠራውን የክሮሞዞም ቅድመ ልየታ ምርመራ እንዴት ማድረግና ውጤቱን ማንበብ ይቻላል?

እንግሊዝ አገር የእርግዝና ክትትል ሲጀምሩ ለዳውን፣ ለኤድዋርድስና ለፓታው ሲንድሮም፣ ማለትም ፅንሱ ትርፍ ክሮሞዞም (ዘር ተሸካሚ የሕዋስ ክፍል) ሲኖረው ለሚፈጠሩ ሦስት የጤና ችግሮች፣ መመርመር ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ግዴታ አይደለም፤ ሁሉንም መቀበል፣ ዳውንን ብቻ ወይም ኤድዋርድስንና ፓታውን ብቻ መምረጥ ወይም ጨርሶ መተው ይችላሉ።

መጀመሪያ ጊዜውን ይያዙ። ደምና አልትራሳውንድ ያጣመረው ምርመራ የሚሠራው ከ11 ሳምንት ከ2 ቀን እስከ 14 ሳምንት ከ1 ቀን ድረስ ብቻ ነው። ካለፈዎት እስከ 20ኛው ሳምንት በደም ብቻ የሚሠራ ሌላ ምርመራ አለ፤ እሱ ግን የሚያየው ዳውንን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጨረሻውን የወር አበባ ቀን ይናገሩ። የእኛ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። መስከረም 1 ያሉት ቀን «ሴፕቴምበር 1» ተብሎ ከተመዘገበ እርግዝናው በ10 ቀን ያህል የገፋ ይመስላል፤ የእኛ መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነውና። አልትራሳውንዱ የፅንሱን ርዝመት ለክቶ ስሕተቱን ያርማል፤ እርስዎ ግን «ገና ትንሽ ነው» ተብለው በሌላ ቀን መመለስ ሊኖርብዎ ይችላል።

በዕለቱ ቁርስ በልተው ይሂዱ፤ መጾም አያስፈልግም። በአልትራሳውንድ ከፅንሱ ማጅራት ሥር ያለው ፈሳሽ ይለካል፤ ከክንድዎ በተቀዳው ደም ደግሞ ፓፕ ኤ የተባለው ፕሮቲንና ቤታ ኤች ሲ ጂ የተባለው ሆርሞን ይታያሉ። በዳውን ሲንድሮም ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ያንሳል፣ ሁለተኛው ይበዛል፤ በኤድዋርድስና በፓታው ሁለቱም ያንሳሉ። ክብደት፣ ሲጋራና መንታ እርግዝና ልኬቱን ስለሚለውጡ ሲጠየቁ አይደብቁ።

ውጤቱ ከዕድሜዎ ጋር ተሰልቶ በቁጥር ይመጣል። ከ150 አንድ ወይም ከዚያ የበለጠ ዕድል ከሆነ «ከፍተኛ ዕድል» ይባላል። ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ ከ100 አንድ ከ1000 አንድ ይበልጣል። ይሁንና ከ100 አንድ ማለት ተመሳሳይ ውጤት ካላቸው መቶ እርግዝናዎች በ99ኙ ችግሩ የለም ማለት ነው። ዝቅተኛ ውጤትም «የለበትም» የሚል ማረጋገጫ አይደለም።

ከፍተኛ ከሆነ እዚያው ማቆም ይችላሉ። ከፈለጉ ደግሞ በእናት ደም ውስጥ የሚገኙ የእንግዴ ልጅ የዲኤንኤ ቁርጥራጮችን የሚያነበው፣ ይበልጥ ትክክለኛ የሆነው ምርመራ ይሠራልዎታል። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጠው ግን ከእንግዴ ልጅ ወይም ከ15ኛው ሳምንት በኋላ ከሽርት ውሃ የሚወሰድ ናሙና ነው፤ ጥቂት የውርጃ ስጋት ስላለበት ሳይቸኩሉ ይወስኑ። ለዚህ ውይይት ነጻ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሸክሙን በባልዎ ወይም በልጅዎ ላይ አይጣሉ።