የአንድ መካነ ኢየሱስ ማኅበረ ምዕመናን ታሪክ አጻጻፍ

የአዲስ አበባ አጥቢያዎች ታሪካቸውን ሲጽፉ ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በምሥረታው ቀን ላይ ነው። በቤት የተጀመረው ጸሎት፣ የመጀመሪያው ጥምቀት፣ የሽማግሌዎች ምርጫና የሕንፃው ምረቃ አራት የተለያዩ ቀኖች ናቸው፤ ሁሉንም ለየብቻ መዝግቡ። የአገር አቀፏ ቤተ ክርስቲያን (የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ) ምሥረታ፣ ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም.፣ ከአጥቢያችሁ ልደት ጋር እንዳይደባለቅ።

መጀመሪያ የጥምቀት መዝገቡንና የሽማግሌዎችን ቃለ ጉባኤ አንብቡ፤ አረጋውያንን ከዚያ በኋላ ጠይቁ። ሳይዘጋጅ የሄደ ሰው «በደርግ ጊዜ ነው» ከሚል መልስ አያልፍም። «ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከመታፈናቸው በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ ስትጠይቁ ግን (የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና የታፈኑት ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው) ጊዜው ይጠብባል። ሁለተኛ ምስክር ያላገኘ ቀን «ግድም» ተብሎ ይጻፍ። በስደቱ ዘመን ስም ሆን ተብሎ ሳይጻፍ የቀረበት ቃለ ጉባኤ ሊያጋጥም ይችላል፤ ክፍተቱን በግምት መሙላት በደል ነው።

የሚሲዮናውያን ደብዳቤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ግድም ለሚውል ቀን 7 ዓመት፣ ለቀረው 8 ዓመት ቀንሱ።

ፎቶግራፍ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ይደረግ። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ብቻ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊቱ ሊያልፍ ይችላል።