የመንግሥት ግንባታ ጨረታ ተሰረዘባችሁ? መቃወሚያው ከዚህ ይጀምራል

ወራት ለፍታችሁ ያስገባችሁት ጨረታ «ተሰርዟል» የሚል ባለ ሁለት መስመር ደብዳቤ ሲመጣ ያናድዳል። ግን መጀመሪያ ቀኑን መዝግቡ። ደብዳቤው መቼ ደረሳችሁ? በማን እጅ? የቅሬታ ጊዜ አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ነው የሚቆጠረው። ለምሳሌ በአሜሪካ ፌዴራል ግዥ ለመንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ የሚቀርብ ቅሬታ በመርህ ደረጃ ምክንያቱን ባወቃችሁ በ10 ቀን ውስጥ መግባት አለበት። የእናንተን አገር ቀነ ገደብ ዛሬውኑ አረጋግጡ።

«መሰረዝ አይችሉም» ብላችሁ ግን አትከራከሩ። ይችላሉ። «ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቃታለን። ይህ መብት ግን ገደብ አለው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ከቪየና በመጣ ጉዳይ ላይ፣ ጨረታን የመሰረዝ ውሳኔ ራሱ በዳኛ ሊመረመር ይገባል ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ክርክራችሁ በመብቱ ላይ ሳይሆን በምክንያቱና በጊዜው ላይ ይሁን።

ጊዜው ለምን? ፖስታው ሳይከፈት ከተሰረዘ ጉዳያችሁ ደካማ ነው። ከተከፈተ በኋላ ግን ዋጋችሁ በተጫራቾች ሁሉ ፊት ተነቧል፤ ሥራው እንደገና ሲወጣ ተፎካካሪያችሁ የእናንተን ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው። የአሜሪካ የፌዴራል ደንብ በታሸገ ፖስታ የሚካሄድ ጨረታ ከተከፈተ በኋላ እንዲሰረዝ አስገዳጅ ምክንያት የሚጠይቀውም ለዚህ ነው። አሸናፊነታችሁ ተቀባይነት ካገኘ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ሕግ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣው የግዥ ሞዴል ሕግ (አገሮች የራሳቸውን ሕግ ሲያወጡ እንደ ናሙና የሚጠቀሙበት)፣ የመሰረዝ መብቱን የሚሰጠው በመሠረቱ የአሸናፊው ሰነድ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንምጣ፤ የምትሸነፉትም የምታሸንፉትም እዚህ ነው። በደብዳቤ ዝርዝር ምክንያት፣ የመክፈቻ ቃለ ጉባኤና የግምገማ ሪፖርት ጠይቁ። «በጀት የለም» ካሉ፣ ያው ሥራ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በድጋሚ ወጥቶ እንደሆነ ተከታተሉ። «ዲዛይኑ ተቀይሯል» ካሉ አሮጌውንና አዲሱን የሥራ ዝርዝር ጎን ለጎን አስቀምጡና እያንዳንዱን መስመር፣ ኮንክሪቱን፣ ብረቱን፣ ቁፋሮውን፣ መጠን በመጠን አስተያዩ፤ ካልተለወጠ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አታገኙም። «ዋጋው ተጋንኗል» ካሉ ከየትኛው የመሐንዲስ ግምት (መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ካሠራው የሥራው ዋጋ ስሌት) ጋር እንዳነጻጸሩና ግምቱ መቼ እንደተሠራ ጠይቁ። ምክንያቱ ከደብዳቤ ደብዳቤ ከተለዋወጠም ሁለቱንም አያይዙ።

ቅሬታው በብዙ ቦታ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ቀጥሎ ለቅሬታ ሰሚው አካል፣ ከዚያ ለፍርድ ቤት ይሄዳል። ደረጃ ከዘለላችሁ መዝገቡ ሊዘጋባችሁ ይችላል። ከአቤቱታው ጋር እግድ ጠይቁ! ያለ እግድ፣ እናንተ ክርክሩን ስታሸንፉ ሌላ ኮንትራክተር መሠረት አውጥቶ ይጠብቃችኋል። የዋጋችሁንና የጨረታ ማስከበሪያችሁን የጊዜ ገደብም ለማራዘም ፈቃደኛ መሆናችሁን በጽሑፍ አሳውቁ፤ ጊዜው ካለፈ ነፍስ የሚዘራበት ሰነድ አይኖርም። ድጋሚ ጨረታው ከወጣ፣ እኔ ብሆን እገባበታለሁ፤ ግን መቃወሚያዬን እንዳልተውኩ በደብዳቤ አስታውቄ። ይህን ከጠበቃ ጋር ተማከሩበት።

ከመክሰሳችሁ በፊት ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ። ዳኛ «ሥራውን ለነሱ ስጡ» ብሎ የሚያዝበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ብዙ ጊዜ ስረዛውን ሽሮ ግምገማው እንዲቀጥል ያደርጋል። ያጣችሁትን ትርፍ ማስከፈልም ከባድ ነው፤ የሰነድ ዝግጅት ወጪ ግን የተሻለ ዕድል አለው። በሞዴል ሕጉም ስረዛው የመጣው በመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት የጎደለው ወይም የተጓተተ አሠራር ከሆነ ተጠያቂነት ይከተላል። ስለዚህ የሳይት ጉብኝት፣ የባንክ ኮሚሽን፣ ዋጋ የሠሩ ባለሙያዎች ክፍያ፣ ሁሉንም ደረሰኝ ከአቤቱታው ጋር አያይዙ።