የጨረቃ ኮከብ በቻይና ኮከብ ቆጠራ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዚ ዌይ ዶው ሹ የተባለው የቻይና ባህላዊ ኮከብ ቆጠራ የሰውን ሕይወት በ12 ቤቶች ከፍሎ 14 ዋና ዋና ኮከቦችን ይደለድልባቸዋል። ከነዚህ አንዷ ታይ ዪን፣ ማለትም የጨረቃ ኮከብ ናት፤ ባሕርይዋ ውኃ ነው፤ እናትን፣ ሚስትንና ሴት ልጅን፣ ከዚያም ሀብትንና ርስትን ታመለክታለች። ይህ ጥበብ ዕጣ ፈንታን በእርግጥ ይናገራል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን የሚተች ሰውም ቢሆን የሚተቸውን ነገር በራሱ ሕግ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ስህተት ታይ ዪንን በሰማይ ከምናያት ጨረቃ ጋር አንድ ማድረግ ነው። በምዕራባውያንና በሕንድ ኮከብ ቆጠራ ጨረቃ በተወለዱበት ሰዓት በእርግጥ የነበረችበት ቦታ ይታያል። በዚ ዌይ ግን ማንም ወደ ሰማይ አይመለከትም፤ የኮከቧ ቦታ የሚገኘው ከልደት ዓመት፣ ወር፣ ቀንና ሰዓት በስሌት ነው። በመጀመሪያ ዚ ዌይ የተባለው የንጉሥ ኮከብ ይቀመጣል፤ ከእርሱ ቦታ በመነሣት የቲያን ፉ ኮከብ ቦታ ይገኛል፤ ታይ ዪን ደግሞ ከቲያን ፉ በሚቀጥለው ቤት ትሰየማለች። ስምን ከእናት ስም ጋር ደምሮ ለ12 ከሚያካፍለው ከአገራችን ስሌት ጋርም መምታታት የለበትም፤ እዚህ ስም ምንም ሚና የለውም።

ሰዓት ግን ትልቅ ሚና አለው፤ የእኛን ሰው በተለይ የሚያሳስተውም ይህ ነው። ቻይናውያን በጥንቱ አቆጣጠራቸው ቀንና ሌሊቱን በአንድነት በእንስሳት ስም በሚጠሩ 12 ሰዓቶች ይከፍሉታል፤ የመጀመሪያው የአይጥ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። እናቱ «2 ሰዓት ላይ ወለድኩህ» ያለችው ሰው ጠዋት ማለቷ ከሆነ የተወለደው በዘንዶ ሰዓት ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ ውስጥ ቢያስገባው ግን የበሬ ሰዓት ይወጣለታል። በሁለቱ መካከል የሦስት ሰዓት ክፍሎች ልዩነት ስላለ የሕይወት ቤቱ፣ ማለትም ስለ ሰውየው ማንነት የሚነበበው ዋናው ቤት፣ ሦስት ቤት ይሸሻል፤ የታይ ዪን ቦታም አብሮ ሊቀየር ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚነበበው ሁሉ የሌላ ሰው ሰንጠረዥ ነው።

በዓመቱም ላይ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቻይና አዲስ ዓመት እ.ኤ.አ. በ1985 የገባው የካቲት 20 ቀን፣ በእኛ የካቲት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ቀን የተወለደ ሰው፣ የልደት ዓመት በአንድ ኮከብ ላይ የሚያመጣው «ጂ» የሚባለው እንቅፋት በጨረቃ ኮከቡ ላይ ያርፍበታል፤ በዋዜማው የተወለደ ግን ዓመቱ ገና ያለፈው ስለሆነ እንቅፋቱ የሚያርፈው በፀሐይ ኮከቡ ላይ ነው።

ሌላው ስህተት ኮከቧ የትም ብትሆን አንድ ዓይነት ትርጉም እንዳላት መቁጠር ነው። የቤቶቹ 12 ቦታዎች እንደ ሰዓቶቹ በእንስሳት ስም ይጠራሉ፤ ታይ ዪን የምትደምቀው የሌሊት በሆኑት በአሳማ፣ በአይጥና በበሬ ቤቶች ሲሆን፣ በአሳማ ቤት የምትገኘውን ጥንታውያኑ «በሰማይ በር ላይ የበራች ጨረቃ» ይሏታል። በጥንቸል፣ በዘንዶና በእባብ ቤቶች ግን ጠዋት ስለሆነ ብርሃኗ ይደክማል። በዚህ ላይ በሌሊት የተወለደ ሰው ከቀን ልደተኛው፣ ጨረቃ ስትሞላ የተወለደውም ስትጎድል ከተወለደው ይልቅ ከእርሷ የበለጠ ይጠቀማል ይባላል። ደብዛዛ መሆኗን እንደ መርገም የሚያነቡ አሉ፤ ይህም ችኮላ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ቤት ብቻውን አይነበብም፤ ከፊት ለፊቱ ካለው ቤትና ከእርሱ ጋር ሦስት ማዕዘን ከሚሠሩት ሁለት ቤቶች ጋር ይመዘናል።

ሀብት ትሰጣለች ሲባል ድንገተኛ ገንዘብ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። የታይ ዪን ሀብት እንደ ጨረቃ ቀስ እያለ የሚሞላ፣ የሚቆጠብና ቤት ወይም መሬት የሚሆን ነው፤ ወጥቶ ወርዶ፣ ታግሎ ገንዘብ ማግኘት የው ቹ ኮከብ ድርሻ ነው። ስለዚህ በርስት ቤት ስትቀመጥ ከሁሉ ይልቅ ትወደዳለች። በወንድ የሕይወት ቤት ስትገኝ «ሴታ ሴት ያደርገዋል» የሚለው ንባብም ኮከቧን ያሳንሳታል፤ ባህሉ የሚናገረው ስለ ርጋታ፣ ስለ ጥንቃቄና ስሜትን በልብ ስለ መያዝ ነው።

በመጨረሻ፣ የልደት ዓመት ለየትኛው ኮከብ ሲሳይን፣ ሥልጣንን፣ ዝናን ወይም እንቅፋትን እንደሚሰጥ በሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ሊቃውንቱ ሁሉ ይስማማሉ ብሎ መገመትም ያሳስታል። የልደት ዓመቱ በ7 የሚያልቅ ሰው፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. የ1987 ልደተኛ፣ ጨረቃው ሲሳይን፣ በ8 የሚያልቅ ደግሞ ሥልጣንን እንደምትቀበል ክርክር የለም። በ0 የሚያልቀው ዓመት ግን ያጣላል፤ አንዱ ወገን ታይ ዪን ዝናን ታገኛለች ሲል ሌላው እንቅፋትን ይሰጣታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1980 የተወለደ ሰው ከሁለት አንባቢዎች ተቃራኒ ነገር ቢሰማ አንዳቸውን ቀጣፊ ከማለቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገባው የየትኛውን ወገን ሰንጠረዥ እንደሚከተሉ ነው።