የሙዚቃ ታሪክ ፕሮጀክት፦ ዳታ ከመግዛታችሁ በፊት

ሐዋሳ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሙዚቃ ታሪክ ፕሮጀክታቸውን በቴሌግራም ግሩፕ ተከፋፍለው ይሠራሉ። ብዙዎቹ ገና ርዕስ ሳይዙ ዩቲዩብ ይከፍታሉ። እኔ ተቃራኒውን እመክራለሁ፦ ከሰው ጀምሩ።

በቅድሚያ ርዕሱን አጥብቡ። «የኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ» ማለቂያ የለውም። «የሸክላ ዘመን» ወይም «ቄጣላ በፊቼ ጨምበላላ»፣ ማለትም በሲዳማ ዘመን መለወጫ የሚጨፈረው ባህላዊ ጭፈራ፣ ግን ይያዛል።

ፊቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስለተመዘገበ ጽሑፉም ቪዲዮውም ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። በጭፈራው ላይ ዜማውን ማን እንደሚያወርድ፣ ማን እንደሚቀበል፣ ድሮ እንዴት ይጨፈር እንደነበር ግን የሰፈራችሁን አዛውንት ጠይቁ። ቪዲዮው ነገም አለ፤ እሳቸውን ዛሬ አግኟቸው። ግሩፑ ውስጥ ሲዳምኛ የሚችል ልጅ ይኑር። ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ጥያቄውም ቀላል ይሁን። «ስለ ሙዚቃ ታሪክ ይንገሩን» ከተባሉ ዝም ይላሉ። «እማማ፣ መጀመሪያ የገዙት ካሴት የማን ነበር?» ስትሏቸው ግን ጨዋታው ይመጣል።

ስልኩን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ መብራት አይታመንም። ቪዲዮ ቦታ ይበላል፤ ለቃለ መጠይቅ ድምፅ ይበቃል። የቀዳችሁትን በዚያው ቀን ሌላ ስልክ ላይም አስቀምጡ።

አሁን ኢንተርኔት። ተማሪዎችን በጣም የሚያደናግረው የዓመተ ምሕረት ጉዳይ ነው። አምሃ እሸቴ አምሃ ሬከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ያቋቋመው አንዱ ጋ በ1969፣ ሌላው ጋ በ1961 ይባላል። አንዱ የፈረንጆቹ፣ ሌላው የእኛ አቆጣጠር ነው። ዓመታችን መስከረም ላይ ስለሚለወጥ ልዩነቱ አንዳንዴ 7፣ አንዳንዴ 8 ይሆናል። ወሩን ሳታውቁ አትቀንሱ። ያገኛችሁትን እንዳለ ጻፉና አጠገቡ «እ.ኤ.አ.» ወይም «ዓ.ም.» በሉ።

ዩቲዩብ ላይ የተጻፈ ርዕስ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ የጫነው ሰው ገምቶ ሊሆን ይችላል። የሸክላውን ወይም የካሴቱን ሽፋን ፎቶ ፈልጉ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ከተባለው የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ ሲዲ ጋር የሚመጣው ማብራሪያ ብዙ ይጠቅማል። ድምፃዊውን ብቻ ጽፋችሁ አትለፉ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራ ተጫዋቾች ስማቸው ቶሎ የሚረሳው በዚህ ነው፤ እኔን ሁሌም ያሳዝነኛል። በሰንጠረዣችሁ ላይ ለባንዱና ለአቀናባሪው የየራሳቸው ቦታ ስጡ።

ለዳታ ሁላችሁም አትክፈሉ። አንዱ በሌሊት ጥቅል ያውርድ፣ ሌላው በዜንደር ይቀበል። ሙሉ ዘፈን ደግሞ አትጫኑ፤ አጭር ቅንጫቢና ሊንኩ ይበቃል።

ከማስረከቢያው በፊት ጥቂት ቀናት አስተርፉ። ያነጋገራችኋቸው ሰዎች ጋ ተመልሳችሁ ሥራውን አስደምጧቸው። የተሳሳተ ስም ካለ እዚያው ያርሙላችኋል።