ከሐዋሳ እንግሊዝ ለገባችሁ፦ የፕሮስቴት ምርመራ እንዴት ነው?

ሐዋሳ ሳላችሁ ሽንት ሲያስቸግር ወይ አንዱ የግል ክሊኒክ ጎራ ትላላችሁ፣ ወይ ሪፈራል ሄዳችሁ ወረፋ ትይዛላችሁ። እንግሊዝ እንዲህ አይሠራም። መጀመሪያ ጂፒ የሚባለው የሰፈር ሐኪም ጋ መመዝገብ ነው። ነፃ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የአድራሻ ማስረጃ ካላመጣችሁ ቢሏችሁ፣ ግዴታ እንዳልሆነ ረጋ ብላችሁ ንገሯቸው።

ይህ በተለይ 45 ዓመት ለሞላችሁ ወንዶችና አባታችሁን ላስመጣችሁ ልጆች ነው። ፕሮስቴት ከፊኛ በታች ያለ የወንዶች እጢ ነው። እዚህ አገር ከስምንት ወንዶች አንዱ በዕድሜው የፕሮስቴት ካንሰር ይገኝበታል። ከጥቁር ወንዶች ግን ከአራት አንዱ። በሽታው ሲጀምር ብዙ ጊዜ ምንም አይሰማም።

50 ከሞላችሁ ፒኤስኤ የሚባለውን የደም ምርመራ ራሳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ከዚያ በፊት ለ48 ሰዓት ብስክሌትና ከባድ ስፖርት፣ የግብረ ሥጋ ግንኙነትም ይቅር። ልጅ ለአባቱ እያስተረጎመ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ሁለቱም መሬት መሬቱን ያያሉ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ አትከፍሉም።

ፒኤስኤው ከፍ ካለ ቀጥሎ የሚመጣው በመርፌ ናሙና መውሰድ (ባዮፕሲ) አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ኤምአርአይ የሚባለው የውስጥ አካል ምስል ነው። ድሮ ካንሰሩ የት እንዳለ ሳይታይ፣ በፊንጢጣ በኩል ከአሥር በላይ ቦታ እየተወጋ ናሙና ይወሰድ ነበር። ይህን የለወጠው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፕሮሚስ የተባለ የእንግሊዝ ጥናት 576 ወንዶችን በሁለቱም መንገድ መረመረ። ኤምአርአይ ከአደገኛው ካንሰር 93 በመቶውን ሲያመላክት፣ የድሮው ባዮፕሲ ያገኘው 48 በመቶውን ብቻ ነበር። በዓመቱ ፕሪሲዥን የተባለው 500 ወንዶችን ያካተተ ጥናት ወጣ። ኤምአርአይ ካስቀደሙት 28 በመቶው ሳይወጉ ቀሩ። ያም ሆኖ አደገኛው ካንሰር በብዛት የተገኘው በእነሱ ወገን ነው፤ 38 በመቶ፣ በቀጥታ ባዮፕሲ በተደረገላቸው 26። ለእኔ ከዚህ በላይ አሳማኝ ነገር የለም።

የኤምአርአይ ውጤት ከ1 እስከ 5 ይሰጣል። 1 ወይም 2 ከሆነ ባዮፕሲ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። 3 ላይ ሐኪሙ ፒኤስኤውንም ያገናዝባል። 4 እና 5 ከሆነ ናሙና መስጠት ነው። አሁን ብዙ ቦታ በብልትና በፊንጢጣ መሃል ባለው ቆዳ በኩል፣ አደንዝዘው ይወስዱታል፤ ኢንፌክሽኑ ያነሰ ነው። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት ሽንት ውስጥ ደም ብታዩ አትደንግጡ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን እስኪነጋ አትጠብቁ።

አሁን ደግሞ የፕሮስቴት ካንሰርን ቀድሞ ለማግኘት የሚሻለው የትኛው ምርመራ እንደሆነ የሚፈትሽ፣ ትራንስፎርም የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። ጥቁር ወንዶችን ከ45፣ ሌሎችን ከ50 ዓመት ጀምሮ እስከ 74 ይጋብዛል። በራስ መመዝገብ አይቻልም፤ ጥሪው የሚመጣው በጂፒ መዝገብ በኩል ነው። «መሞከሪያ ሊያደርጉን ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። የስምምነት ፎርሙን አስተርጉማችሁ አንብቡት። እምቢ ማለት፣ ከፈረሙ በኋላም ያለ ምክንያት መውጣት ይቻላል፤ መደበኛ ሕክምናችሁ አይጓደልም። እኔ ብሆን እገባለሁ።

ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ታዲያ አዲሱን አድራሻ ለጂፒው አስመዝግቡ።